የሁለተኛው ቀን ጉዞ

«ቅዳሜ ሄጄ አነጋግሬያቸዋለሁ» አለች ሄራን። «ጋሽ ኤርጫፎ ተማሪዎቹን ደስ ብሏቸው ይቀበላሉ።»

መምህር በርናባስ ራሱን ነቀነቀና ሰሌዳው ላይ «ሁለተኛ ቀን፦ ኦቾሎ፣ የሸማኔው ቤት» ብሎ ጻፈ። ከሐዋሳ ለሚመጡ አርባ ተማሪዎች የሁለት ቀን ጉብኝት የሚያዘጋጀው የአርባ ምንጩ ትምህርት ቤት የቱሪዝም ክበብ ነበር። እንግዶቹ ሊደርሱ አራት ቀን ቀርቷቸዋል።

አይዳ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። ቅዳሜ ሄራን ከጠዋት እስከ ማታ አጠገቧ ነበረች። ጫሞ ሐይቅ ዳር ቆመው የጀልባው ጉዞ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በስልክ ሲለኩ ነው የዋሉት። ግን ሄራን ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ የተጋራቻት ጓደኛዋ ናት። አይዳ ሰሌዳው ላይ ያለውን በንጹሕ ወረቀት ገለበጠችው።

ከክፍል ሲወጡ «ለምን እንደዚያ አልሽ?» አለቻት።

«ባለፈው ዓመትም እኮ እንግዳ ተቀብለዋል። ዘንድሮ እምቢ ይላሉ? አታካብጂ፣ አይዱዬ።»

አይዳ ግን አላስቻላትም። በማግስቱ ከምሳ በኋላ እስከ ላንቴ በሚኒባስ፣ ከዚያ ዳገቱን በሞተር ሳይክል ወጣች። ፈቃዱን አሁን ብታመጣ ሄራን ያለችው ውሸት መሆኑ የሚቀር መስሏት ነበር።

ኦቾሎ ስትደርስ የጋሽ ኤርጫፎ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ዞር ብለው አዩዋት። ጥቁር ነጠላ የለበሰች ሴት ብድግ ብላ እጇን ያዘቻትና በጋሞኛ «ከየት ነሽ ልጄ?» አለቻት። የሟቹ የጋሽ ኤርጫፎ ባለቤት፣ ጌጤ ናት።

«ከአርባ ምንጭ። ከትምህርት ቤት።»

ጌጤ ወደ ጎረቤቶቿ ዞረች። «አያችሁ? ተማሪዎች እንኳን ሰምተው መጡለት። ሐሙስ ነው የቀበርነው፣ ልጄ።»

ቦታ ለቀቁላት። ንፍሮ በሰሃን ሰጧት። በተከፈተው በር በኩል ጋሽ ኤርጫፎ ይሸምኑበት የነበረው ጉድጓድና ያልተጨረሰ የዱንጉዛ ጨርቅ ይታያል። ቀዩ መስመር አልቆ ጥቁሩ ገና ተጀምሯል። አይዳ አንድ ፍሬ አፏ ከተተችና ሰሃኑን አጠገቧ አስቀመጠችው።

«እማማ ጌጤ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለለቅሶ አልመጣሁም። ማረፋቸውንም አላወቅኩም ነበር። የፊታችን ቅዳሜ አርባ ተማሪዎች እዚህ እንዲመጡ ፕሮግራም አውጥተናል። እናንተን ግን ማንም አልጠየቀም።»

ጌጤ የነጠላዋን ጠርዝ አጠፈች።

«ባለፈው ዓመት የመጡትም አልጠየቁትም» አለች። «ታሞ ተኝቶ ነበር። እንግዳ እንዴት ይመለሳል ብሎ ተነሥቶ ሸመነላቸው። ፎቶ አንሥተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረደም።» ሰሃኑን ወደ አይዳ አስጠጋችው። «ብዪ። ከመጣሽ አይቀር ለቅሶ ደርሰሻል።»

አይዳ በላች። ስትነሣ «ጌታ ያጽናናችሁ» ብላ ተሰናበተች።

ከተማ እንደደረሰች ለሄራን ደወለችላት። የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።

«ሐሙስ ነው የተቀበሩት?» አለች ሄራን።

«ሐሙስ።»

«እኔ ደግሞ ቅዳሜ አነጋገርኳቸው ብያለሁ። ቲቸር ካወቀ ከክበቡ ያስወጣኛል። በቃ፣ ደውለው እንግዳ አንቀበልም አሉ እንበለው። ማን ያውቃል?»

«ሄራን፣ እዚያ ቤት ንፍሮ በልቼ ነው የመጣሁት። ነገ ከሰልፍ በፊት ቢሮው እሄዳለሁ። ነይና አብረን እንግባ።»

ሄራን ስልኩን ዘጋች።

ጠዋት አይዳ ቢሮው በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ሄራን ከግቢው ማዶ ከሌሎች ልጆች ጋር ቆማለች፤ አየቻት፤ ግን አልመጣችም። የሰልፉ ደወል ሊደወል ጥቂት ሲቀረው አይዳ በሩን አንኳኳች።

«ቲቸር፣ ስለ ኦቾሎ ነው። ጋሽ ኤርጫፎ አርፈዋል። ሐሙስ ነው የተቀበሩት።»

መምህር በርናባስ ከወረቀቱ ላይ ቀና አለ። «እንዴት? ሄራን ቅዳሜ አነጋግራቸው የለ?»

አይዳ የጓደኛዋን ስም ልትጠራ አፏን ከፈተች። ከዚያ ከራሷ ጀመረች።

«ቅዳሜ እኔና እሷ ጫሞ ነበርን» አለች። «ማንም እንዳላነጋገራቸው እያወቅኩ ነው ፕሮግራሙን የጻፍኩት።»