የሕፃን ሀፊዝ አተኛኘት

በሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ የካቲት፣ ጦርነቱ ከደሴና ከኮምቦልቻ ራቅ ካለ በኋላ፣ የሐረጎ ቁልቁለት ወደየቤቱ በሚመለስ ሰውና ፍራሽ በጫነ መኪና ተጨናንቆ ነበር፤ ወይዘሮ ከሪማም አራስ ምራታቸውን ዊዳድን ሊንከባከቡ ከቦሩ ሜዳ ወደ ኮምቦልቻ የወረዱት በዚያው ሰሞን ነው።

ቤቱ በደስታ ሞላ፤ ዊዳድን ግን አንድ ነገር አስጨነቃት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሕፃኑን ሀፊዝን በጀርባው ብቻ እንድታስተኛው አስጠንቅቃታለች፤ ወይዘሮ ከሪማ ደግሞ በቀኝ ጎኑ ያዞሩና ከኋላው ነጠላ ጠቅልለው ይደግፉታል።

«እማማ፣ ተደፍቶ እንዳይታፈንብኝ ፈራሁ» አለቻቸው።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ! ነቢያችን በቀኝ ጎናቸው አልነበር የሚተኙት? ደግሞ ተንጋሎ ከከረመ አናቱ እንደ ቂጣ ተጠፍጥፎ ይቀራል፤ ያን ሁሉ ልጅ እንዲህ አይደል ያሳደግሁት?»

አማትን መጋፈጥ አልሆነላትም፤ ስለዚህ ለሶላት እስኪቆሙ ትጠብቅና ሕፃኑን ታንጋልለዋለች፤ እሳቸውም ሰግደው ሲጨርሱ መልሰው በጎኑ ያደርጉታል። ወይዘሮ ከሪማ ሶላት ላይ ሳሉ ምንም ቢመጣ ዘወር አይሉም፤ የመድፍ ድምፅ ቦሩ ሜዳን ሲያንቀጠቅጥ እንኳ ግንባራቸውን ከመስገጃው አላነሡም ይባል ነበር።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ፣ በአሱር ሶላት ሰዓት፣ ዊዳድ ሕፃኑን ሳታንጋልለው ጓዳ ሆና አጥሚት ስታማስል፣ «ያ ረቢ!» የሚል ጩኸት ሰማች። ሮጣ ስትገባ መስገጃው ባዶ ነው፤ አማቷ ከሶላታቸው መሀል ተነሥተው፣ በፊቱ የተደፋውን ሕፃን ከፍራሹ ላይ አንሥተውታል። ሀፊዝ ፊቱ ቀልቶ አለቀሰ፤ ልቅሶ እንዲህ አስደስቷት አያውቅም።

«ሶላትዎን አቋረጡት?» አለች።

«እሱን ደግሜ እሰግደዋለሁ፤ ያለፈ ሶላትም በኋላ ተሰግዶ ቀዷ ይወጣል። ልጅ ግን ምን ቀዷ አለው?»

ይህን ብለው ሕፃኑን ራሳቸው በጀርባው አስተኙት፤ የነጠላውንም ጥቅል ከአልጋው አወረዱት።

«አናቱ ቢጠፈጠፍም ኮፍያ ይሸፍነዋል» አሉ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። ዊዳድ ሳቋ አመለጣት፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ።

የዚያን ዘመን ነገር የጻፉ ሰዎች ከተሞቹ መቼ እንደተያዙ፣ መቼም እንደተለቀቁ ጽፈዋል፤ መጻፉም ይገባል። አንዲት የቦሩ ሜዳ እናት በአሱር ሰዓት ከመስገጃቸው መነሣታቸውን ግን የመዘገበ የለም። እሳቸውም ለማንም አላወሩትም፤ ብቻ ከዚያ ወዲህ አራስ ሊጠይቁ በገቡበት ቤት ሁሉ፣ ገና ሳይቀመጡ ወደ አልጋው ይሄዱና ሕፃኑ በጀርባው መተኛቱን ያያሉ።