ሽመክት የጠገነው መስመር

መብራት እስኪመጣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ተጠጉ ግን፤ በጨለማ ለብቻው የሚቀመጥ ሰው አልወድም።

ሰዓቱ አሥራ ሁለት ተኩል ነው፤ ሠራተኛው ወጥቷል። የቢሮው ኮሪደር ረጅም ነው፤ ጭር ብሏል። በዚያ ኮሪደር የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ፤ ሽመክት የሚባል የስልክ ባለሙያ። ምን ሊሠራ? የቢሮው ስልክ በኢንተርኔት የሚሠራ ነው፤ ድምፁ ይቆራረጣል። ሰዉ "ሃሎ፣ ሃሎ" ሲል ነው የሚውለው። ምክንያቱን ሽመክት ካወቀው ሰንብቷል፤ የጥበቃ ካሜራውም፣ ፊልም የሚያወርደውም፣ ስልኩም በአንድ የኢንተርኔት መስመር ይጋፋሉ። ነገ እሠራዋለሁ እያለ ከረመ። ነገ መቼ ያልቃል?

ከሦስት ቀን በፊት ያሳደገችው እህቱ እትዬ ውባለም ከአገር ቤት በዚሁ በቢሮው ስልክ ደውላለት ነበር። ታማለች። "ሽሜ... እኔኮ..." ትላለች፤ ይቋረጣል።

"እትዬ፣ አይሰማም። ነገ እኔ እደውላለሁ" ብሎ ዘጋው። ደወለ? አልደወለም። ሥራ በዛበት።

እንግዲህ ኮሪደሩ ጭር ባለበት በዚያ ምሽት የስልኩን መስመር ለየው፤ የሰው ድምፅ ከሁሉ እንዲቀድም አደረገ። ከዚያ ስልኮቹን አንድ በአንድ ሞከረ። የመጀመሪያውን አነሳ። ጥርት ብሏል፤ ግን ሰው ይተነፍሳል። ሁለተኛውን አነሳ። ሳል ሰማ። የሚያውቀው ሳል ነው። ፈራ። የሦስተኛውን ጭራሽ ገመዱን ነቀለው። ገመዱ በእጁ እንዳለ ስልኩ ጠራ።

እናንተ ብትሆኑ ታነሱታላችሁ? እሱ አነሳው።

"ሽሜ፣ አሁን ይሰማል?"

"ይሰማል እትዬ። ይቅር በይኝ፣ ሳልደውልልሽ..."

"ያን ቀን 'ናና እየኝ' ልልህ ነበር። አሁንማ አለፈ። ነገ ጧት ሰዎች ይመጡብሃል፤ ብቻህን ሆነህ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።"

መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሳይነጋ በር አንኳኩቶ ነው የሚያረዳው። ውባለም ያረፈችው እሱ መስመሩን በጠገነበት ዕለት ነው፤ ሽመክት እስኪነጋ እንዳይሰማ ተማክረን ደብቀነዋል። አዎ፣ እኔም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበርኩ።

ጎህ ሲቀድ ቤቱ ደረስን። ገና ሳናንኳኳ በሩን ከፈተው። ጥቁር ለብሷል፤ ዓይኑ አብጧል።

"ግቡ" አለን፤ "እትዬ ራሷ ነግራኛለች።"

ልናረዳው የሄድን ሰዎች ለቅሶ ደራሽ ሆነን ገባን። ከእናንተ የታመመ ዘመድ ያለው ካለ ይነሳና አሁኑኑ ይደውል።