የፎቶው ሳክስፎን

«ይሄ የአያቴ አይደለም! ተቀይሯል!»

ልጅቷ ይህን ስትጮህ አባቷ ገና ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም። ሳክስፎኑን ከመሣሪያ ጠጋኙ ዘንድ አምጥቶ አያቷ ጭን ላይ በቀስታ ማሳረፉ ነበር። አያቷ በደህናው ዘመን የጃዝ አዳራሾችን በቴነር ሳክስፎን ያንቀጠቀጡ ሰው ናቸው፤ ከታመሙ ወዲህ ግን አንደበታቸውም ቀኝ እጃቸውም እምቢ ብሏቸዋል። በግራ እጃቸው ነሐሱን ሲዳብሱ ዓይናቸው ሊስቅ ምንም አልቀረው።

ልጅቷ ለትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን የአያቷን የድሮ ፎቶዎች ሰብስባ፣ በየትኛው ላይ የትኛውን ሳክስፎን እንደያዙ ስትለይ ሰንብታለች። ስለ ሳክስፎን ሁለት ገጽ መጽሔት ያነበበን ሰው ደግሞ ማን ይችለዋል?

«አሁን ደግሞ የቧንቧ ፖሊስ ሆንሽ?» አለ አባቷ እየሳቀ።

«አትሳቅ አባዬ! ሰፊው አፉ ጋ ያሉትን ሁለት ትልልቅ ክዳኖች እያቸው፣ በግራ ናቸው። የጥንቶቹ ናቸው እንደዚህ። ቴነሩን የያዙበት ፎቶ ላይ ግን እንደ ኋለኞቹ በቀኝ ናቸው። ሌላ ዕቃ ነው። ሸጥከው እንዴ?»

የአባቷ ሳቅ ቀጥ አለ። የአያቷ እጅ የጋለ ብረት እንደነካ ሁሉ ከነሐሱ ላይ ተነሳ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በማግስቱ ፎቶዎቹን የትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ስትለጥፍ፣ በሹክሹክታ መናገር ስለማያውቅ «ጥሩምባ» የሚባለው የክፍሏ ልጅ መጥቶ ቴነሩ ያለበትን ፎቶ አየ።

«አያትሽ ቀኝ እጃቸውን ለምን ከላይ አደረጉት?»

«ምን አለበት?»

«ሳክስፎን እኮ ግራ እጅ ከላይ፣ ቀኝ እጅ ከታች ነው። ግራኝም ቢሆን ያው ነው። ወይ አያትሽ ተአምር ናቸው፣ ወይ ፎቶ አጣቢው ፊልሙን ገልብጦታል።»

የሸሚዛቸውን ኪስ አየች። እንደ ሌላው ሸሚዝ በግራ ሳይሆን በቀኝ ደረታቸው ላይ ነው። ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የሷ ቃል አፋፉንም አልፎ ሄዷል።

ቤት ስትደርስ አባቷ ብርጭቆ እያጠበ ነበር።

«አባዬ፣ የተገለበጠው ፎቶው ነው። ሳክስፎኑ ያው የራሳቸው ነው። ይቅርታ።»

አባቷ አንዱን ብርጭቆ ብዙ ወለወለው። «የኔስ ኩርፊያ ይወጣልኛል፤ ለሳቸው ንገሪያቸው። እኔማ አልሸጥኩትም እያልኩ ስምል ዋልኩ፣ ዞር ብለውም አላዩኝ።»

መስታወትና ከሰሌዳው የነቀለችውን ፎቶ ይዛ አያቷ ክፍል ገባች። ፎቶውን ወደ መስታወቱ አዙራ አሳየቻቸው። እዚያ ውስጥ ክዳኖቹ በግራ፣ ግራ እጃቸውም ከላይ ሆነ።

«ያው የእርስዎ ነው አያቴ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ማንም አልሸጠውም።»

አያቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ገብቷቸው ይሁን ደክሟቸው፣ ማን ያውቃል?

ሳክስፎኑን ጭናቸው ላይ አደረገችላቸው፤ ግራ እጃቸውን አንስታ ከላይኞቹ ቁልፎች ላይ አኖረችው። ተንሸራቶ ወረደ። መልሳ አኖረችው። አሁንም ወረደ።

«ተያቸው ልጄ» አለ አባቷ ከበሩ ላይ።

«ይዤላቸው ልቀመጥ።»

በርጩማ ስባ ከጎናቸው ተቀመጠች። ክብደቱ እንዳይጫናቸው ሳክስፎኑን ከታች በሁለት እጇ ደገፈችው። የላይኞቹን ቁልፎች ግን ለሳቸው ግራ እጅ ትታ አልነካቻቸውም።