የሦስተኛ ደረጃ ሰው

ንጉሴ ጥሩወርቅን መጀመሪያ ያያት መሰላል ላይ ሆኖ ነው። እሷ ከታች መሰላሉን ይዛ ነበር። ያዢ ያላት ሰው አልነበረም።

«እወድቃለሁ ብለሽ ነው?» አላት፣ ዐይኑን ከአምፑል መያዣው ሳያነሳ።

«የለም። መሰላሉ የጎረቤት ነው፤ እንዳትሰብርብን ብዬ ነው።»

ሳቁ አመለጠው። ንጉሴ ከሰው ጋር ቶሎ የሚስቅ ልጅ አልነበረም። ግራና በምትባል መንደር ተወልዶ፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሮ፣ ወልድያ አንድ ባለሙያ ዘንድ ሽቦ እየጎተተ ሙያ የለመደ ነው። ሰው ፊት ሲቀርብ እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። ፒንሳ የያዘ ለት ግን አይጠፋውም።

ጊዜው የደርግ ዘመን፣ መብራት መርሳ ከተማ የገባበት ዓመት ነበር። ምሰሶው ከመንገዱ ዳር ከተተከለ ወዲህ ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሽቦ ነው። ቀበሌ ስብሰባ ላይ እንኳ ሊቀመንበሩ ስለ እርሻ ዘመቻው ሲናገር፣ ከኋላ የተቀመጡት «ለቤትህ ማንን ጠራህ?» እየተባባሉ ይንሾካሾኩ ነበር። አብዛኛው ሰው «ያን ዝምተኛውን ልጅ» ይል ነበር።

የጥሩወርቅ አባት አቶ ደምሴም የጠሩት ይህንኑ ዝምተኛ ልጅ ነው። አቶ ደምሴ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ አላቸው። ጥሩወርቅ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ወረፋ ታስይዛለች፣ እህል ትመዝናለች። ማታ ወደ ቤት ስትገባ የጤፍ ዱቄት ቅንድቧ ላይ ተኝቶ፣ ገና በሃያ ዓመቷ ሽበት ያበቀለች ትመስላለች። ንጉሴ ያን ዱቄት እንዳያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፤ መልሶ ደግሞ ያያል።

ሥራው አለቀ ሲባል አንድ ነገር አያጣም። ሶኬቱን ይፈታል፣ መልሶ ያስራል።

«ይቺ ደግሞ ምን አደረገችህ?» አለችው አንድ ቀን።

«እንዳትላላ ብዬ ነው።»

«እሷስ ጠብቃለች። እኔ የምፈራው አንተ ሳትናገር እንዳታረጅ ነው።»

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ካቻቢቴው ከእጁ ወደቀ፤ አነሳችና ሰጠችው። ጣቶቻቸው ሲነካኩ ሁለቱም ወደ በሩ ተመለከቱ። በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

ቤቱ የበራ ለት አቶ ደምሴ ጠላ አስቀድተው አስቀመጡት። እናቲቱ ወይዘሮ በላይነሽ አምፑሉን እያዩ «ጭስ የለው፣ ሽታ የለው!» እያሉ ይደነቃሉ። አቶ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በል እንግዲህ፣ ወፍጮውንም አንተው ትሠራልኛለህ። የኤሌክትሪክ ሞተሩ ተገዝቷል፤ ከአዲስ አበባ እየመጣልኝ ነው።»

«አልሠራውም፣ ጋሼ።»

«ምነው? ጠላችን ቀጠነብህ?»

«ፈቃዴ ሦስተኛ ደረጃ ነው። እኔ የቤት መብራትና ሶኬት ነው የተፈቀደልኝ። ሞተር ለመግጠም ቢያንስ ሁለተኛ ደረጃ ያስፈልጋል።»

«ሦስተኛ ከሁለተኛ አይበልጥም እንዴ? የኔ ልጆች ሦስተኛ ክፍል የገቡት ሁለተኛን አልፈው ነው!»

ጥሩወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

«በእኛ ሙያ ቁጥሩ ወደ ታች ነው የሚሄደው» አላቸው ንጉሴ። «ሦስተኛ ጀማሪ ነው። ሁለተኛ ሞተር ይነካል። አንደኛ ያልተፈቀደለት የለም። የወፍጮ ሞተር ኃይሉ ብዙ ነው፤ እኔ ብሳሳት የሚጎዳው እህሏን ልታስፈጭ የመጣች ሴት ናት።»

«ታዲያ በሩን ዘግተን ብንሠራው ፈቃድህን ማን ያየዋል?»

«እኔ አየዋለሁ።»

አቶ ደምሴ ብርጭቆውን እንደያዙ ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ተቆጥተው ይሁን አይሁን ከፊታቸው አልታወቀም። ንጉሴ ዐይኑን ወደ መሬት ጣለ።

«የሚችል ታውቃለህ?» አሉት በመጨረሻ።

«ወልድያ አቶ አረጋዊ አሉ። አንደኛ ደረጃ ናቸው።»

«እንግዲያው ሄደህ አምጣልኝ።»

ንጉሴ ራሱ ሄደ፤ ራሱ አመጣው። አረጋዊ ከትግራይ መጥተው ወልድያ ከከተሙ የነጋዴ ቤተሰብ የተወለደ፣ ሠላሳውን ያለፈ፣ ሸሚዙ የማይቆሽሽ፣ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ነበር። ሞተሩን ሲተክል ንጉሴ መሣሪያ እያቀበለ አገዘው። አረጋዊ እያንዳንዱን ነገር ለምን እንደሚያደርገው ይነግረው ነበር፤ ዕውቀቱን አልሰሰተበትም። ሞተሩ የተነሳ ለት ሴቶቹ ወረፋቸውን ትተው እልል አሉ። ጥሩወርቅም እልል አለች። አረጋዊ ዞር ብሎ አያት፤ ንጉሴም አረጋዊ ሲያያት አየ።

በማግስቱ ንጉሴና ጥሩወርቅ ከሰው ዐይን ርቀው ከወንዙ ዳር፣ ከብርቱካኑ ጥላ ሥር ተገናኙ።

«መቼ ነው ሽማግሌ የምትልከው?» አለችው።

«ሁለተኛ ደረጃ ሳወጣ።»

«ሽማግሌ ስለ ፈቃድህ ይጠየቃል እንዴ?»

«የአባትሽን ሞተር አልነካም ያልኩ ሰው፣ ልጃቸውን በምን አፌ ልጠይቅ?»

«ከሞተር ጋር አንድ ላይ መዘንከኝ ማለት ነው? እኔን ለማግባትም ፈቃድ ታወጣለህ?»

ሊስቅ ፈለገ፤ አልቻለም። «ደሴ ኮርስ አለ፤ ኮርሱ ሲያልቅ ፈተና ይሰጣል። ለፋሲካ እመለሳለሁ። እስከዚያ ግን ለማንም አትንገሪ። ብወድቅ ሰው እንዲያውቅብኝ አልፈልግም። ማይልኝ።»

ጥሩወርቅ የብርቱካን ቅጠል በጠሰችና በጣቶቿ አጠፈችው።

«አፍረህ ነው የምታስምለኝ» አለችው ቀስ ብላ። «በኔ ግን አትፈር። በማርያም፣ አልናገርም። ብትዘገይ ግን እሷም እኔም እንቀየምሃለን።»

ደሴ ላይ ኮርሱ በጊዜው አለቀ፤ ፈተናው ግን ዘገየ። አንዴ ፈታኞቹ ለዘመቻ ወጥተዋል ተባለ፤ አንዴ ደግሞ ወረቀቱ ገና አልደረሰም ተባለ። ተመልሶ ቢሄድ ተራው ያልፈዋል። ፋሲካን ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ፈሰከ። ከተፈተነ በኋላም ውጤቱን ጠበቀ። አለፈ። አዲሱን ፈቃድ በደረት ኪሱ አድርጎ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈረ። መንገዱን ሁሉ ሽማግሌ የሚሆኑለትን ሰዎች እየመረጠ ነበር።

አውቶቡሱ ከመርሳ በፊት ውርጌሳ ሲቆም አለሚቱ የምትባል የመርሳ ብርቱካን ሻጭ ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ገባችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«አንተ ልጅ፣ የት ጠፍተህ ነው? የአቶ ደምሴ ልጅ ተሰጠች እኮ!»

«ለማን?»

«ለወልድያው የመብራት ሰው ነዋ። ያ አንተ ያመጣኸው! መቼም ደህና ሰው ነው ያመጣህላቸው። ሠርጉ የሰኔ ጾም ሳይገባ ነው። ምነው፣ መኪናው አዞረህ እንዴ?»

«አዎ» አላት። «አዞረኝ።»

መርሳ አልወረደም፤ ግራና መገንጠያው ላይ ወርዶ ወደ እናቱ ቤት ሄደ። ከቤት ሳይወጣ ሰነበተ። ለሠርጉ ጥቂት ቀን ሲቀረው የአቶ ደምሴ መልእክት ደረሰው። ዳሱ መብራት ይፈልጋል፤ ሙሽራው በገዛ ሠርጉ መሰላል አይወጣም፤ ሌላ ሰው ደግሞ አላምንም ብለዋል።

እናቱ «አትሂድ፣ ልጄ» አሉት። ሄደ።

የሠርጉ ለት ጠዋት ዳሱ ውስጥ መሰላል ላይ ሆኖ ሽቦ ሲዘረጋ ጥሩወርቅ በጓዳው በር ብቅ አለች። እጇና እግሯ በእንሶስላ ቀልተዋል። ሚዜዎቿ ውጭ ይዘፍናሉ።

«አለፍክ?» አለችው።

«አለፍኩ።»

«ሽማግሌዎቹ በጾሙ መጡ። አባዬ እስከ ፋሲካ ቀጠሮ ሰጠኝ። ሌላ የጠየቀሽ፣ የምትፈልጊው ሰው አለ ወይ እያለ ለመነኝ፤ ልጄ ንገሪኝ አለኝ። ዝም አልኩ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «አስምለኸኝ ነበራ።»

በዚህ መሃል አቶ ደምሴ አዲስ ጋቢ ለብሰው ከውጭ ገቡ። ጥሩወርቅ ወደ ኋላ ብትልም ከበሩ አልራቀችም።

«አይዞህ፣ ቆንጆ አድርገህ ሥራልኝ» አሉት። ቀና ብለው አዩትና ፈገግ አሉ። «ታውቃለህ፣ ያን ለት ጠላ ላይ ‘እኔ አየዋለሁ’ ስትለኝ፣ ለበላይነሽ ምን እንዳልኳት? እንዲህ ያለ ልጅ ሽማግሌ ቢልክብኝ ዐይኔን አላሽም አልኳት። ብጠብቅ ብጠብቅ ምንም የለም። ሌላ ቦታ ዐይኑን ጥሏል ብዬ ተውኩት።»

ንጉሴ ከመሰላሉ ወረደ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ዐይን ትክ ብሎ አየ።

«ሌላ ቦታ አልጣልኩም፣ ጋሼ። ልጅዎን እወዳታለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ሳላወጣ እንዴት ብዬ አፍሬ ነው። ለማንም እንዳትናገር ያስማልኳትም እኔ ነኝ።»

አቶ ደምሴ ወደ ጓዳው በር ዞሩ። ልጃቸው ቆማለች፤ እንባዋ እንሶስላው ላይ ይንጠባጠባል። አባትየው ያገኙት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ደረጃ ያወራነው ስለ ሞተሩ ነበር» አሉ ድምፃቸው እየጠፋ። «ለልጄ መች ደረጃ ጠየቅሁ?»

ውጭ ዘፈኑ ደመቀ።

«አባዬ…» አለች ጥሩወርቅ።

«ሙሽራውና አጃቢዎቹ ሲሪንቃን አልፈዋል፣ ልጄ፤ ሊደርሱ ነው። ሰውዬው ምን በደለን? በሰው ፊት ቃል ሰጥቻለሁ። አንቺም እሺ ብለሻል።» ጋቢያቸውን ወደ ዐይናቸው አነሱ። «ከሳምንት በፊት እንኳ ቢሆን…»

ጥሩወርቅ ንጉሴን አየችው። ነይ እንውጣ ቢላት የምትወጣ ይመስል ነበር። እሱ ግን በሩን አየ፤ በሩ ላይ የሚጠብቁትን ዘመዶች፣ ወንበሩ ላይ ያጎነበሱትን አባት አየ። ከዚያ አረጋዊን አሰበው፤ ዕውቀቱን ሳይሰስት የሰጠው፣ ምንም የማያውቀው አረጋዊ። ራሱን ወደ ጎን ነቀነቀ።

«ግቢ» አላት። «ሚዜዎችሽ ይፈልጉሻል።»

ገባች። እሱም መሰላሉ ላይ ተመልሶ ወጣ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዳሱን አበራው። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሙሽራው አረጋዊ በሰው መሃል ወደ እሱ መጣና ጨበጠው።

«ሽቦህ ቀጥ ብሎ! ሁለተኛ ደረጃ ማለፍህን ሰምቻለሁ፤ እንኳን ደስ ያለህ። ወልድያ ና፤ አብረን እንሥራ።»

«እሺ፣ ጋሼ። እንኳን ደስ ያለዎት።»

የሠርግ መብራት የዘረጋ ሰው ሙሽራዋ እስክትወጣ ከማጥፊያው አይርቅም፤ በመሃል ቢጠፋ ገድ አይደለም ይባላል። ስለዚህ ንጉሴ ከግድግዳው ተጠግቶ ቆሞ ሁሉንም አየ፤ ምርቃቱን፣ ጉልበት መሳሙን፣ ወይዘሮ በላይነሽ ሲያለቅሱ። ጥሩወርቅ በካባዋ ተሸፋፍና በፊቱ አለፈች። አልቆመችም፤ እግሯ ግን እሱ ጋ ሲደርስ ዘገየ። ከዚያ መኪናው ተነሳ፣ እልልታው ወደ ወልድያ መንገድ ራቀ።

ወንበሮቹ ከተነሱም በኋላ ዳሱ እንደበራ ነበር። አቶ ደምሴ መጥተው አጠገቡ ቆሙ። ማጥፊያውን በገዛ እጃቸው ተጫኑት።

ንጉሴ ወልድያ አልሄደም። መርሳ ቀረ፤ ዓመታት አልፈው አንደኛ ደረጃም አወጣ። የአካባቢው ሰው ሠርግ ሲኖረው ዛሬም እሱን ይጠራል። ይመጣል፤ ዳሱን በቀን ያዘጋጃል፤ ሁሉንም አብርቶ ይፈትሻል። ከዚያ የቤቱን አባወራ ጠርቶ «ማጥፊያው እዚህ ነው» ብሎ ያሳየውና፣ ሙሽራዋ ሳትወጣ ይሄዳል።