ከመጋረጃ ጀርባ ሹክ ያልኩት ቃል

እኔ የቴአትር ቤት ሹክ ባይ ነኝ። ከመጋረጃው ጀርባ በስተግራ ቆሜ፣ ድርሰቱን በእጄ ይዤ፣ ተዋናይ ቃል ሲጠፋው ቀስ ብዬ አቀብለዋለሁ። ሕጉ አንድ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ካለው አንዲት ቃል አልጨምርም፣ አልቀንስም።

እሱንም ያገኘሁት በዚሁ ሥራ ነው። ዋናው ተዋናይ ታሞ በምትኩ የገባ ቀን፣ ገና ሦስተኛው መስመር ላይ አፉ ተሳሰረ። አቀበልኩት። ሲጨርስ ላቡን እየጠረገ መጣ።

«አንቺ ነሽ ያተረፍሽኝ?»

«እኔ አይደለሁም፤ ደመወዜ ነው።»

ሳቀ። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ ቃል ሲጠፋው ዓይኑ ወደ እኔ ነው። እንዳልዋሽ፣ አንዳንዴ ሳይጠፋውም ያየኝ ነበር። ወደድኩት፤ ምን ይደረግ።

ሊያገባኝ እንደሚፈልግ ሲነግራቸው እናቱ ግን «ልጄ ከመጋረጃ ጀርባ የምትንሾካሾክ ሴት አያገባም» ብለው አሻፈረኝ አሉ።

«ግዴለሽም ሹኬ» ይለኛል እጄን ይዞ፤ ሹኬ ያለኝ እሱ ነው። «የዓመቱ የቴአትር ሽልማት ቀን፣ ዋንጫውን እንደያዝኩ፣ እማዬ ፊት ለፊት ቁጭ ብላ እያየች እጮኛዬ ብዬ እጠራሻለሁ። ሰው ሁሉ እያጨበጨበ ምን ልትል ነው?»

አመንኩት። ሽልማቱ ለሚሰጥባት እሑድ አዲስ ጫማ ገዛሁ፤ መድረክ ላይ ብጠራስ ብዬ።

ቀኑ ደረሰ። እኔ እንደ ወትሮው ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ፤ የመድረክ መሪዎችም ቃል ይጠፋቸዋል። እሱ ከረባቱን እያስተካከለ መጥቶ የታጠፈ ወረቀት አስጨበጠኝ።

«ንግግሬ ነው። ከጠፋኝ ያው…» ብሎ ሮጠ።

የአራት ዓመት ልማድ ነው፤ የምታነበው ማን እንደሆነች ያሰበም አይመስለኝም። ፈገግ ብዬ ዘረጋሁት። «እናቴን አመሰግናለሁ» ይላል። ቀጥሎ፣ «እጮኛዬን፣ የፕሮዲዩሰራችንን ልጅ»። እኔ መጨረሻ ላይ ነኝ፤ ከአናጢውና ከመብራት ሠራተኛው ጋር፣ «ከመጋረጃ ጀርባ ያላችሁ ሁሉ» የሚለው ውስጥ።

ደግሜ አነበብኩት። ያው ነው። አዲሱ ጫማ ተረከዜን ይልጠኝ ጀመር።

ምርጥ ተዋናይ ተባለና ወጣ። ዋንጫውን አቅፎ «እናቴን አመሰግናለሁ» አለ። ከዚያ ጠፋው። ፊተኛው ረድፍ ላይ ፕሮዲዩሰሩ፣ ሴት ልጁና የተሸላሚው እናት ተደርድረው ይጠብቃሉ። እንደ ልማዱ ወደ እኔ ዞረ፤ ወረቀቱን እጄ ላይ ሲያይ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ለማን እንደሰጠው ያን ጊዜ ገባው።

ዝም ብል እዚያው ይቀልጥ ነበር። የራሴን ስም ባቀብለው ደግሞ፣ አውቀዋለሁ፣ ሳያስብ ይለው ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ እግዜር ያውቃል።

«እጮኛዬን፣ የፕሮዲዩሰራችንን ልጅ» አልኩት ቀስ ብዬ።

እሱም ያንኑ አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጠ፤ እናቱ እልል አሉ።

ሲወርድ አጠገቤ ቆመ። ወረቀቱን አጥፌ የኮቱ ኪስ ውስጥ ከተትኩለት።

«ሹኬ… ዛሬም አተረፍሽኝ» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ።

«እኔ አይደለሁም» አልኩት። «ደመወዜ ነው።»