የስድስት ቀን ውሃ

«ይኼ ሁሉ ቅንፍ ለምንድን ነው?» አለች ሰርክ፣ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብላ። «ከቁጥሩ ቅንፉ ይበዛል እኮ።»

ኢክላስ ሳቀች። ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። «መጀመሪያ እኛንም አስፈርቶን ነበር። ሲለመድ ግን አይታይም። እያንዳንዱ ቅንፍ አንድ ሥራ ነው። የሥራው ስም ይቀድማል፣ የሚሠራበት ነገር ይከተላል። ሁለትና ሦስት ይደመሩ ለማለት መጀመሪያ መደመሩ ይጻፋል፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። ይችን ካወቁ የቋንቋውን እኩሌታ አወቁ ማለት ነው።»

ትሕትና ከጎኗ፣ በግድግዳውና በኢክላስ ወንበር መካከል ተጣብቃ ተቀምጣለች። ለመውጣት ብትፈልግ አምስት ሰው ማስነሳት ነበረባት። የኮምፒውተር ክፍሉ ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ወረታ ከተማ ከጧት ጀምሮ እንደጨለመች ነው።

እንግዶቹ ሁለት ፕሮግራመሮች ናቸው፤ ሰርክና ይሄይስ። ከባሕር ዳር ድረስ የመጡት የትምህርት ቤቱ የክረምት ኮምፒውተር ክበብ መምህር ያየህ ጽፈውላቸው ነው። «ሁለት ተማሪዎች በክሎጁር የርብን ወንዝ ሙላት የሚገምት ፕሮግራም ሠርተዋል፤ መጥታችሁ እዩልኝ» ነበር ያሏቸው። ክሎጁር ሊስፕ ከሚባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች ወገን ነው። መምህር ያየህ ራሳቸው ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ተምረውት፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ለክበቡ ልጆች አስተማሩት። ከሃያ ሰባቱ ልጆች እስከ መጨረሻው የዘለቁት ኢክላስና ትሕትና ብቻ ነበሩ።

ሥራው እንዲህ ነው። ትሕትና በየጧቱ ርብ ድልድይ አጠገብ የተተከለውን ባለምልክት እንጨት አይታ፣ ውሃው ስንት እንደደረሰ ለኢክላስ በስልክ መልእክት ትልካለች። ኢክላስ ደግሞ ቁጥሩን በትምህርት ቤቱ ግቢ ከሚለካው ዝናብ ጋር ታስገባለች። ፕሮግራሙ ያለፉትን ቀናት አገናዝቦ፣ ይህን ያህል ዝናብ ከጣለ ወንዙ በማግስቱ ይህን ያህል ይጨምራል ይላል። ውሃው ከወንዙ አፋፍ ሊያልፍ ከሆነ ለወንዙ ዳር ገበሬዎች «ከብታችሁን አውጡ» የሚል መልእክት እንዲሄድ ነው ሐሳቡ።

«እኔ በፓይተን ቋንቋ ብሠራው በአንድ ከሰዓት እጨርሰው ነበር» አለች ሰርክ። «የሚያውቀውም ሰው ሞልቷል። ነገ እነዚህ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ማን ይጠግነዋል?»

«ትጨርሺው ነበር» አለ ይሄይስ። «ከዚያ አንዱ የፕሮግራሙ ክፍል ቁጥሩን ሳያሳውቅ ይለውጠዋል፣ ሌላው ክፍል የተለወጠውን ይዞ ይሳሳታል፣ አንቺ ስህተቱን ስትፈልጊ ሦስት ቀን ታድሪያለሽ። የጭነት መኪኖቹን ስምሪት ስንሠራ የደረሰብንን ረሳሽው? እዚህ ግን የገባ ቁጥር አይነካም። አዲስ ነገር ከፈለግሽ አሮጌው ባለበት ሆኖ አዲስ ትሠሪያለሽ። የዛሬ ወር የነበረው ዛሬም እንደነበረው ነው።» ወደ ትሕትና ዞረ። «አንቺስ? ከቋንቋው የወደድሽው ምኑን ነው?»

ትሕትና በሌላ ቀን ቢሆን ይህን ሲጠይቋት እስኪመሽ ታወራ ነበር። «ሥራውን ራሱን እንደ ዕቃ ለሌላ ሥራ ማቀበል መቻሉን» አለች ቀስ ብላ። «የትናንቱን ከዛሬው ቀንስ የሚል ትንሽ ሥራ እንጽፋለን። ከዚያ ይህን ሥራ ለቀኖቹ ሁሉ አዳርሰው እንለዋለን። አንድ ጊዜ ተጽፎ ለሰባውም ቀን ይሠራል። ደግሞ አንድ መስመር ሲጻፍለት እዚያው ይመልሳል። ከሰው ጋር እንደመነጋገር ነው።»

«ሰባውንም ቀን አንቺ ነሽ የለካሽው?»

«እሷ ናት» አለች ኢክላስ ቀድማ። «ከቤታቸው አንድ ሰዓት በእግሯ እየሄደች። አንድም ቀን አልጎደለም።»

ትሕትና በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ጎድሏል። ስድስት ቀን ጎድሏል። ሐምሌ ሃያ ላይ የሩዙ አረም ደርሶ ነበር። እናቷ አመተ ሥላሴ የሁለት ሳምንት አራስ ነበሩ፤ አባቷ ቄስ ገብረ ሐና ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚተርፋቸው ከሰዓት ብቻ ነበር። አረሙ በትሕትናና በታላቅ ወንድሟ ላይ ወደቀ። ጎህ ሲቀድ ማሳ ገብታ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ ትውላለች። የመጀመሪያው ቀን ማታ ኢክላስ «ቁጥሩስ?» ብላ ስትጽፍላት ትንሽ አሰበች፤ ከትናንቱ ላይ ሦስት ሴንቲሜትር ጨምራ ላከች። ነገ ሄጄ አስተካክለዋለሁ ብላ ነበር። በማግስቱ ግን ያለፈው ውሃ አልፏል፤ በምን ታስተካክለዋለች? እንደገና ሁለት ጨመረች። እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት ሆነ።

«የሚያምር መረጃ ነው» አለ ይሄይስ፣ የውሃውን ከፍታ የሚያሳየውን መስመር ስክሪኑ ላይ በጣቱ እየተከተለ። «በተለይ ይኼ የሐምሌ መጨረሻው። ያን ያህል ዝናብ ጥሎ ወንዙ ብዙም አልጨመረም። ሜዳው ውሃውን ይዞት ይሆናል።»

«ቋንቋው ያስገባኸውን አይለውጥብህም» አለች ሰርክ፣ አሁንም ለመሸነፍ ሳትፈልግ። «ያስገባኸው ልክ ይሁን አይሁን ግን አያውቅም። ይኼን ፓይተንም አያውቅም፣ ያንተም ሊስፕ አያውቅም።»

«ለሱ ሰው አለ» አለ ይሄይስ፣ ወደ ትሕትና እያየ ፈገግ ብሎ።

ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት ጋሽ እንግዳው እስካሁን አንድ ቃል አልተናገሩም። ቤታቸው ከድልድዩ ታች ወንዙ ዳር ነው። የአርባ ሰባት ጎረቤቶቻቸውን ስልክ ቁጥር አሰባስበው በወረቀት ይዘው መጥተዋል። እርጥብ ጥላቸውን እግራቸው ሥር አስደግፈው፣ «እኔ ከዚህ ከቅንፉ የማውቀው የለም» አሉ። «አንድ ነገር ልጠይቅ። ያ ሐምሌ ሃያ ሁለት፣ ያ ዝናብ ያደረበት ቀን፣ ጧት ውሃው ስንት ነበር ትላላችሁ?»

ኢክላስ አንድ መስመር ጻፈች። ኮምፒውተሩ ወዲያው መለሰ። «ሁለት ሜትር ከአሥራ ስምንት ሴንቲሜትር።»

«ከሰው ቁመት ምን ያህል ይሆናል?»

«ረጅም ሰው እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ።»

ጋሽ እንግዳው ወረቀቱን አጠፉት፤ መልሰው ዘረጉት። «እንጃ። ለእኔ እጅግ የበዛ መስሎኝ ነበር። ከብት ላወጣ ስል አይቸው ደንግጨ ነበር። ወዲያው ደግሞ ጎደለ። መቸም የሽማግሌ ዓይን ነው። እናንተ ለክታችሁታል።»

የትሕትና ጆሮ ጋለ። ማንም ወደ እሷ አላየም፤ ሁሉም ግን የሚያዩዋት መሰላት። መምህር ያየህ ሰዓታቸውን አይተው «አሥር ደቂቃ እንረፍ» ባሉ ጊዜ ኢክላስን በክርኗ ነካቻትና ተከታትለው ወደ በረንዳው ወጡ።

«ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ አመድ መስሏል» አለች ኢክላስ። «ፈታ በይ እንጂ፣ ወደውታል።»

«የአረሙ ሰሞን ወንዙ ጋ አልሄድኩም።»

«ማለት?»

«ስድስቱን ቀን። ከራሴ ነው የጻፍኩት።»

ኢክላስ መጀመሪያ ሳቅ አለች። «እየፎገርሽኝ ነው?» የትሕትናን ፊት ስታይ ሳቋ ቀረ። ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አደረገችና ግቢው ውስጥ የሚፈሰውን ጎርፍ አየች። «በቃ፣ ዝም እንበል። ከሰባ ቀን ስድስት ቀን ምን አላት? ከተጀመረ በኋላ ቀስ ብለን እናወጣቸዋለን።»

«ትልቁ ዝናብ የጣለው በስድስቱ ቀን ነው ኢክላስ።»

ይህን ኢክላስ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ስሌቱን የጻፈችው እሷ ናት። በሰባው ቀን ውስጥ ከስልሳ ሚሊሜትር በላይ የጣለው ሐምሌ ሃያ አንድ ማታ ብቻ ነበር። ፕሮግራሙ ስለ ትልቅ ዝናብ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ከትሕትና የማታ ሐሳብ የመጣውን ነው። እንደዚያ ያለ ዝናብ ዛሬ ቢደገም፣ «ሁለት ሴንቲሜትር ይጨምራል» ብሎ ዝም ይላል።

«አባቴን ለማሳመን ስንት ወር እንደፈጀብኝ ታውቂያለሽ አይደል?» አለች ኢክላስ። ድምጿ ቀጥኗል። እንግዶቹ ሥራው ካማራቸው ሁለቱንም ለአንድ ወር ስልጠና ባሕር ዳር ሊወስዷቸው ቃል ገብተው ነበር። የኢክላስ አባት ጋሽ ኡመር ሱቁን ትተሽ የትም አትሄጅም ሲሏት ከርመው፣ እሺ ያሉት ትናንት ነው። «ትናንት ነው እሺ ያለኝ። ትናንት።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ? አሁን እኔም ገባሁበት።»

ትሕትና ብቻዋን የተሸከመችውን ለሁለት ቢካፈሉት የሚቀል መስሏት ነበር። አልቀለለም፤ ሁለት ሆነ እንጂ። ኢክላስ ጀርባዋን ሰጥታት ገባች። ትሕትናም ከኋላዋ ገብታ፣ ሰው እያስነሳች፣ ይቅርታ እያለች፣ ግድግዳው ሥር ያለችው ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ይሄይስ ቆሞ ነበር። «እንግዲህ ክርክራችን አያልቅም» አለ። «ሰርክ በቋንቋው አትስማማም፣ በሥራው ግን ተስማምታለች። ነገ ጧት ከመልእክት መላኪያው ጋር እናገናኘዋለን። ጋሽ እንግዳው፣ ዝርዝሩ ላይ ይፈርሙልን።»

ጋሽ እንግዳው እስክሪብቶውን ተቀበሉ። «በየክረምቱ እየተፈራረቅን ነበር ውሃ የምንጠብቀው» አሉ፣ መነጽራቸውን እየፈለጉ። «አሁን እፎይ ብለን እንተኛለና። ለሰዎቹም ነግሬያቸዋለሁ፤ ከእንግዲህ መጠበቁ ይቅር ብያለሁ።»

መነጽሩ በካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ተገኘ። በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። ትሕትና እጃቸውን ታያለች። አሁን ካልተናገረች ነገ እንደማትናገር ታውቃለች፤ ነገ ደግሞ ከዛሬ የባሰ ነው። ከጎኗ ኢክላስ ጠረጴዛውን እያየች ነው፤ አታያትም።

«ጋሽ እንግዳው» አለች።

«አቤት ልጄ።»

«ሐምሌ ሃያ ሁለት ጧት ውሃው የት ደርሶ አዩት?»

«ከበረቴ አጥር። ሁለተኛው አግዳሚ ላይ። ጭቃው እስካሁን እንደተለጠፈ ነው። የእኔ ግምት ምን ያደርግልሻል? ለክታችሁት የለ።»

«አልለካሁትም» አለች ትሕትና። «ያን ቀን አልሄድኩም። ቁጥሩን ከራሴ ነው የጻፍኩት። የሌሎቹን አምስት ቀኖችም።»

ሰርክ ወደ ይሄይስ አየች፤ ይሄይስ ስክሪኑን ያያል፤ ፈገግታው የለም። ትሕትና እጇን ጠረጴዛው ሥር ደብቃ ትጠብቃለች። ሊቆጧት ነው፤ ለአባቷ ሊነግሩ ነው፤ ባሕር ዳርም ቀርቷል።

መጀመሪያ የተናገሩት ጋሽ እንግዳው ናቸው። እስክሪብቶውን ሳይፈርሙበት ወረቀቱ ላይ አስቀመጡት።

«እኔስ» አሉ፣ «ዓይኔ የደከመ መስሎኝ ነበር።»

ይሄይስ ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ። «ያ አጥር ላይ ያለው ጭቃ» አለ ወደ ጋሽ እንግዳው ዞሮ፣ «ከድልድዩ እንጨት ጋር አስተያይተን ብንለካው ይገኝ ይሆን?»

«ለምን አይገኝም? ዝናቡ አባራ ሲል እንሂድ። ሳይታጠብ ነው እንጅ።»

ትሕትና ተነሣች። «እኔም ልምጣ» አለች። ማንም እሺ አላላትም፤ ተይ ያላትም የለም።

ኢክላስ አንገቷን ሳታዞር ጣቶቿን የኮምፒውተሩ ፊደሎች ላይ አስቀመጠች። «የሚወጡት ቀኖች ከስንት እስከ ስንት ናቸው?»

«ከሃያ እስከ ሃያ አምስት።»

ኢክላስ ቅንፍ ከፈተችና መጻፍ ጀመረች። ትሕትና እንድትወጣ ወንበሯን አንድ ስንዝር ወደፊት ሳበችላት፤ አላየቻትም።