ያልታኘከ ጮማ

«እናቴ፣ ልጅዎ ትናንት ማታ ምን በላች?»

ስትል መርማሪዋ እናትየዋን ጠየቀቻት። የእናትየዋ ዓይን አልጋው ላይ ከተጋደመችው ልጇ አፍ ላይ አልነቀል ብሏል። የቀዘቀዘ ጮማ በከንፈሯ መሃል ነጭ ጫፉን አውጥቷል። ከምድር ቤቱ ምግብ ቤት የሚወጣው ያረረ ዘይት ሽታ መጋረጃው ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ምራቋ ላይ ሳይቀር ተለጥፏል። የደረጃው መደገፊያ እንኳ እጇን አሟልጯት፣ በነጠላዋ ብትጠርገውም አልለቅ ብሏታል።

«አንቋት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?» አለች በሩ ላይ የቆመችው የሟች ባል እህት። የምግብ ቤቱ አብሳይ እሷ ናት። «አልጠግብ ባይ ሲተፋ ያድራል። ይቺ ደግሞ መትፋቱም አቃታት። በቃ፣ ነፍሳቸውን ይማር።»

በሥራ ባልደረቦቿ ዘንድ «አፍንጫ» የምትባለው መርማሪ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ጎንበስ ብላ የሟችን ጣቶች አሸተተች፤ ትራሱንም ገልብጣ አሸተተች። ፊቷን አጨማደደች።

እናትየዋን ያንገበገባት ሞቱ ብቻ አልነበረም። ልጇ «ሆዷ ገደላት» ተብላ ልትቀበር ነው።

ባልየው ሌሊቱን ዕቃ ሊያመጣ ወጥቶ ነበር፤ ሬሳውን ያገኘው ጠዋት ሲመለስ ነው። ቤት ያደሩት እናቱና እህቱ ብቻ ናቸው።

«እማማ፣ ምራትዎን ጮማ ያበሏት ነበር?» አለች መርማሪዋ አማቲቱን።

«ለልጅ ብዬ ነዋ! ማህፀን ያለ ስብ ደረቅ መሬት ነው ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁ። ሐኪም ቤት ይዛት የሄደችው ይህቺ ልጄም ‹አብሏት ብለዋል› አለችን። እኛም አበላን። ወፈረች እንጂ አልወለደች።»

እናትየዋ ይህን ስትሰማ መርማሪዋን በክንዷ ይዛ ወደ ደረጃው ሳበቻት።

«የኔ ልጅ፣ ሐኪሞቹ እንደዚያ አላሉም። ዘንድሮ እኔ ራሴ ይዣት ሄጄ ነበር። ነርሷ ‹ስብ ሲበዛ ሆርሞን ያዛባል፤ እንቁላሉ በወጉ አይወጣም። ትቀንስ ብለን ባለፈው ይዛት ለመጣችው ነግረናት ነበር› አለች። ልጄ ከዚያ ቀን ወዲህ ቅባት እርም አለች። ቀነሰች። የወር አበባዋ ተመለሰ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። ፀንሳለች። እስኪጠና ለባሌም አልናገርም ብላኝ ነበር።»

መርማሪዋ ሁሉንም ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጠረጴዛው ስለሚያጣብቅ ክንዷን አላሳረፈችበትም።

«ጮማ በእጅ ነው የሚበላው» አለች። «የሟች ጣቶች ግን ደረቅ ናቸው። ጮማውም ላይ የጥርስ ምልክት የለም፤ ቢላ የቆረጠው ጠርዝ እንዳለ ነው። የሞተ ሰው አያኝክም። ትራሱ ደግሞ በግልባጩ በኩል ያረረ ዘይት ይሸታል። በትራሱ ያፈናት ሰው እጅ ከመጥበሻ የማይርቅ ነው።»

«ቤቱ በሙሉ ይሸት የለ እንዴ» አለች አብሳይዋ እየሳቀች።

«ይሸታል። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ነፍሳቸውን ይማር ያልሽው ለማን ነው?»

«ለእሷ ነዋ። የሞተ ይከበራል።»

«አንቱ ብለሻት ታውቂያለሽ? በዚያው አፍሽ ‹ይቺ› ስትያት ሰምቻለሁ። አንድ ሰው ብትሆን ነፍሷን ትይ ነበር። አንቺ የቆጠርሽው ሁለት ነፍስ ነው። ሁለት መሆናቸውን ደግሞ ከእናቷ በቀር ለማንም አልተናገረችም።»

ባልየው ከወንበሩ ተነሳ። «ምንድን ነው የምትለው? ነፍሰ ጡር ነበረች?»

አብሳይዋ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ደጋግማ ጠረገች። «ጥብስ በሸተታት ቁጥር ታስመልስ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ሦስት የወለድኩ ሰው ይሄ ይጠፋኛል? አንተ ነህ፣ ካልወለደች ምግብ ቤቱ ለልጆችሽ ነው ያልከኝ።»

«ለዚህ ነው ሐኪሞቹ ‹ትቀንስ› ያሉሽን ‹አብሏት› ብለሽ የገለበጥሽው» አለች መርማሪዋ። «መጀመሪያ በድስት፣ ድስቱ አልሠራ ሲል በትራስ።»

አማቲቱ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ስንቱን ጉርሻ በገዛ እጇ አጉርሳት ነበር። ወደ በሩ ሮጣ አስመለሳት።

«ልጄ ትናንት ማታ ምንም ጮማ አልበላችም» አለች እናትየዋ፣ ለመርማሪዋ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም እንዲሰማ።

ፖሊሶች አብሳይዋን ይዘዋት ወጡ። ባልየው «እህቴ እኮ ናት» እያለ ተከትሏት ሄደ፤ ወደ ፎቁ ዞሮ አላየም። ሬሳው አጠገብ ከእናትየዋ ጋር የቀረችው አማቲቱ ነበረች።